የጣና ደሴቶችና የእንግዳው ልክ

ደሴት ዙሪያውን በውሃ የታጠረ ግቢ ነው። በሩ ወደቡ ነው፤ ዘበኛውም ራሱ ውሃው ነው። እንደ ማናቸውም ግቢ ደግሞ የሚይዘው ሰው ልክ አለው። አስተዋይ ባለድግስ ጥሪውን ከመላኩ አስቀድሞ ዳሱ ስንት ሰው እንደሚያስቀምጥ፤ እንጀራውና ጠላውም ስንት ሰው እንደሚያዳርስ ከቤተ ሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ ይመክራል። ይህን ሳይመክር አገሩን ሁሉ የጠራ እንደሆነ ግን እንግዳው ቅር ብሎት ይመለሳል፤ ጎረቤት ይታዘባል፤ አጥሩም ተጥሶ ያድራል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ምሳሌ የራቀ አይደለም። ይኸውም በጣና ሐይቅ ላይ ያሉት ደሴቶቻችን ተፈጥሯቸውና ቅርሳቸው ሳይጎዳ ለዕረፍትና ለጉብኝት ሊውሉ የሚችሉት በምን ዓይነት ፕላን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ የሆቴል ባለቤቶችና የአስጎብኚዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ነገ በወረዳና በክልል መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ለአንዱ የጀልባ ማቆሚያ፤ ለሌላው የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ የሚፈርሙት ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉትና ሥራ በቅርቡ የጀመሩት ወጣቶች ስለሆኑ ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

የደሴቶቹ ጠባቂ ማን ነበር?

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ መሆኑን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረነዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ይህ ውሃ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ ታላቁ ዓባይም ከእርሱ ይወጣል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን የሐይቁን ጥልቀት ነው። ይህን ያህል የሰፋ ውሃ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራው እንኳ 14 ወይም 15 ሜትር ቢሆን ነው። ጣና እንደ ሰፊ ገበታ ነው እንጂ እንደ ጉድጓድ አይደለም። ስለዚህ ወደ ውስጡ የገባ ጥራጊና ዘይት የሚሰወርበት ጥግ የለውም ማለት ነው። በዚህም ውሃ ውስጥ በሳይንስ አጠራር ላቤዮባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 በላይ ዓይነቶች ይኖራሉ።

በሐይቁ ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከነዚህም በብዙዎቹ ላይ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ተተክለዋል። በዳጋ እስጢፋኖስ የዓፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዓፄ ፋሲለደስ አፅም በክብር ተቀምጧል። ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ያረፈችበት ስፍራ መሆኑ በትውፊት ይነገራል። በደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው መቶ ዓመት በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራች ናት። በነዚህ ገዳማት የብራና መጻሕፍት፣ ሥዕላትና የነገሥታት ስጦታዎች ከግራኝ ዘመን ጦርነት፣ ከደርቡሽ ወረራና ከሌላውም መከራ ተርፈው እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል።

እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ተራራው ተራቁቶ፣ ሸለቆው ታርሶ ሳለ በነዚህ ደሴቶች ላይ አገር በቀሉ ዛፍ እንዴት ቆሞ ቀረ? መልሱ ውሃው ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ታንኳ ያለው ሰው ውሃውን ተሻግሮ ዛፉን መቁረጥ ይችል ነበርና። ደኑን ያቆየው ሥርዓት ነው። በገዳሙ ግቢ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ አውሬና ወፍ አይታደንም፤ ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚገባና እስከ የት እንደሚደርስ ተወስኗል። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች እንዳይገቡ መከልከሉ የታወቀ ነው። በሐይቁ ዳርቻ በሚገኘው በዘጌ ልሳነ ምድርም በሬ ጠምዶ ማረስን የሚከለክለው ጥንታዊ ሥርዓት የቡናውን ጫካ እስከ ዛሬ ጥላ ሆኖት ኖሯል።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። ዛሬ ከሩቅ አገር ድረስ እንግዳ የሚስበው ጸጥታ፣ የጥንት ሥዕልና የዛፍ ጥላ ሁሉ በክልከላ የተገኘ ነው። እንግዳ ለመሳብ ብለን ክልከላውን ያላላን እንደሆነ እንግዳው የሚመጣበትን ምክንያት በገዛ እጃችን አጠፋን ማለት ነው። ስለዚህ የጣና ደሴቶች የጉብኝት ፕላን ከባዶ ወረቀት የሚጀመር መሆን የለበትም። መነኮሳቱ የጻፉትና ያልጻፉት ፕላን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በሥራ ላይ አለና።

የዘመኑ ፈተና

መንግሥት የቱሪስት ድርጅት ያቋቋመው በ1961 ሲሆን በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር በዓለም ሲሰማ የጣና ገዳማትም በጎብኚዎች መንገድ ላይ ከነ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም ጋር አብረው ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር ወደብ የሞተር ጀልባው ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ በዘጌም ከጀልባው ማቆሚያ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ባለው የእግር መንገድ ዳር ትንንሽ ታንኳና ሥዕል የሚሸጡ ሰዎች ተሰለፉ።

በ2015 የጣና ሐይቅና አካባቢው በዩኔስኮ «ሰውና ባዮስፌር» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ተመዘገበ። የዚህ ዓይነቱ ስፍራ በ3 ክልል ይከፈላል። የመጀመሪያው በጥብቅ የሚጠበቀው እምብርቱ ነው፤ ሁለተኛው በእምብርቱ ዙሪያ ጉዳት የማያደርስ ሥራ የሚፈቀድበት መከለያ ነው፤ ሦስተኛው ሕዝቡ እያረሰ፣ እያጠመደና እየነገደ የሚኖርበት የልማት ክልል ነው። አከፋፈሉ መልካም ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ የተሰመረ መሥመር ጀልባ ነጂው በሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሊያየው የማይችል ከሆነ ከወረቀት ጌጥነት አያልፍም።

የጥበቃን ዋጋ ደግሞ እምቦጭ አስተምሮናል። በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው ይህ መጤ አረም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፊውን ዳርቻ ሸፈነ። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲገዛ፣ ዘመቻ ሲጠራ አይተናል። አንድ መጥፎ ነገር ከመግባቱ በፊት መከልከል ስንት ያህል እንደሚቀል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከ2020 ወዲህ በመጀመሪያ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነትና በጸጥታ ችግር የተነሣ ወደ ሐይቁ የሚመጣው የውጭ ጎብኚ ቁጥር እጅግ አንሶ ቆይቷል። በዚህ የተነሣ ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚውና የሆቴሉ ሠራተኛ ምን ያህል እንደተቸገረ እናውቃለን። በሌላ በኩል በዚያው በ2020 ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ ለትልቅ ማረፊያ ተመርጣለች። ሰላም ሲጸናና እንግዳው ሲመለስ ባንድ ጊዜ ከደቡብም ከሰሜንም ወደ ደሴቶቹ የሚነሣ ጀልባ ይበዛል ማለት ነው። ፕላን የሚወጣው እንግዳው በር ላይ ቆሞ ሳለ አይደለምና ጊዜው አሁን ነው።

ስንት ሰው ወይስ ምን ያህል ለውጥ?

ስለ ጉብኝት ፕላን የሚያጠኑ ሊቃውንት በመጀመሪያ ይጠይቁት የነበረው ጥያቄ «ይህ ስፍራ ስንት ሰው ይይዛል?» የሚል ነበር። ከብትን በግጦሽ መሬት እንደ መቁጠር ያለ አሳብ ነው። ቆይቶ ግን ቁጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። 10 ሰዎች እየጮኹና ቅርንጫፍ እየሰበሩ የሚያደርሱትን ጉዳት በመንገዱ ብቻ በጸጥታ የሚሄዱ 40 ሰዎች ላያደርሱት ይችላሉ።

ስለዚህ በአሜሪካ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በ1985 ሌላ ዘዴ አወጡ። «ልንፈቅደው የምንችለው የለውጥ ወሰን» የሚሉት ነው። ሰው የረገጠው ስፍራ ሁሉ መለወጡ አይቀርም፤ ጥያቄው እስከ የት ድረስ ቢለወጥ እንፈቅዳለን ነው። በዚህ ዘዴ አስቀድሞ የሚጠበቀው ነገር ይታወቃል፤ ከዚያም በዓይን የሚታይና በሜትር የሚለካ ምልክት ይመረጣል፤ ለምልክቱም ወሰን ይደረግለታል፤ ወሰኑ ሲደርስ የሚወሰደው እርምጃ አስቀድሞ ይጻፋል።

በጣና ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ቀላል ነው። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው የእግር መንገድ ዛሬ ስፋቱ ስንት ነው? በመንገዱ ዳር ሣሩ የተነቀለበት መሬት ስንት ካሬ ሜትር ነው? ጀልባ በሚቆምበት ዳርቻ ደንገሉ ምን ያህል ሸሽቷል? በወፎች ጎጆ አጠገብ ጀልባ ሲያልፍ ወፎቹ ይነሣሉ ወይስ ይቀመጣሉ? አንድ ገዳም በቀን ውስጥ ለእንግዳ ብሎ ጸሎቱን ያቋረጠው ስንት ጊዜ ነው? እነዚህን ለመለካት ሜትር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ ቢለኩት ለመመረቂያ ጽሑፋቸውም ይሆናል፤ ለአገርም ይጠቅማል።

የጋላፓጎስ ትምህርት

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ከኢኳዶር ጠረፍ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉትን የጋላፓጎስ ደሴቶች እንመልከት። ቻርልስ ዳርዊን በ1835 የጎበኛቸውና በግዙፍ ዔሊዎቻቸው የታወቁት እነዚህ ደሴቶች በ1978 በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲገቡ ከአገራችን ሰሜን ተራራዎችና ከላሊበላ ጋር አብረው ነበር። በመዝገብ እኩዮቻችን ናቸው ማለት ይቻላል።

የኢኳዶር መንግሥት ደሴቶቹን በ1959 ብሔራዊ ፓርክ ሲያደርግ ከየብሱ 97 ከመቶ የሚሆነውን ለጥበቃ ከለለ። ጎብኚ በተወሰኑት ስፍራዎች ካልሆነ በቀር አይወርድም፤ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይኖር አይንቀሳቀስም፤ አንድ አስጎብኚ ከ16 ሰው በላይ አይመራም፤ ለእንስሳቱም ከ2 ሜትር ይበልጥ መቅረብ የተከለከለ ነው። ጎብኚ ይዞ በደሴቶቹ መካከል የሚዞር መርከብ ከ100 በላይ መንገደኛ አይጭንም። ከ2012 ጀምሮም አንዱ መርከብ በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ስፍራ ሁለት ጊዜ እንዳይመለስ የጉዞው መሥመር ተደልድሏል። ሥርዓቱ በዓለም የሚደነቅ ነው።

ሆኖም በ2007 ዩኔስኮ ጋላፓጎስን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አገባቸው፤ ከዚያ የወጡት በ2010 ነው። እንዴት? ያን ያህል ጥብቅ ሕግ ያለው አገር ምን ጎደለው? ምክንያቱን ስናየው ልኩ የተበጀው ለመርከቡ መሆኑን እናገኛለን። በከተሞቹ የሚሠራው ሆቴልና በአውሮፕላን የሚገባው ሰው ግን እየጨመረ ሄደ። እንግዳውን ተከትሎ ሠራተኛው፣ ጭነቱ፣ ከጭነቱም ጋር ነፍሳቱና አረሙ ገባ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ15,000 ያልበለጠው ጎብኚ በ2023 ከ300,000 በላይ ደርሷል። በነሐሴ 2024 መንግሥቱ ከውጭ ጎብኚ የሚቀበለውን የመግቢያ ዋጋ ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ አድርጎታል።

የፍየሉም ታሪክ አለ። በድሮ ጊዜ መርከበኞች ያስገቧቸው ፍየሎች ተራብተው የዔሊዎቹን ግጦሽ ስለ ጨረሱ ከ1997 እስከ 2006 በተደረገው ዘመቻ ከ100,000 በላይ ፍየሎች እንዲወገዱ ተደርጓል። እምቦጭን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

ከጋላፓጎስ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥርዓት ያለው ጉብኝት ይቻላል። ሁለተኛ፣ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው ውሃን በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። በደሴቱ ላይ የሚወርደውን ሰው ቆጥረን በዳርቻው የሚሠራውን የአልጋ ቁጥር ካልቆጠርን ሒሳባችን ጎዶሎ ይሆናል።

የዛንዚባሯ ትንሽ ደሴት

ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ ከዛንዚባር ከተማ በስተደቡብ ቹምቤ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የዛንዚባር መንግሥት በ1994 በዙሪያዋ ያለውን የኮራል አፀድ ጥብቅ ስፍራ አደረገው፤ አስተዳደሩንም ለዚሁ ዓላማ ለተቋቋመ አንድ ኩባንያ ሰጠ። በደሴቲቱ ላይ ያሉት የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች 7 ብቻ ናቸው። የሚጠጣውና የሚታጠበው ውሃ በየጎጆው ጣራ የሚጠራቀም ዝናብ ነው፤ መብራቱ ከፀሐይ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የማይሻና ቆሻሻውን ወደ አፈርነት የሚለውጥ ነው። ዓሣ አጥማጆች የነበሩ ሰዎች ሠልጥነው ጠባቂዎች ሆኑ። ከእንግዳው የሚገኘው ገንዘብ ጥበቃውን ይከፍላል፤ የአካባቢው ተማሪዎችም እየመጡ እንዲማሩበት ይረዳል።

ቹምቤ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ስለሆነች ሥርዓቷን እንዳለ ወደ ጣና መገልበጥ አይቻልም። ደቅን የመሰለ ገበሬ የሚኖርበት፣ ልጅ የሚማርበት ደሴት ሌላ አስተዳደር ይፈልጋል። ነገር ግን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ትምህርት ይሆነናል። ቹምቤ ላይ በመጀመሪያ የተጠየቀው ደሴቲቱ ምን ያህል ውሃ አላት፣ ቆሻሻው የት ይሄዳል የሚለው ነው፤ የጎጆው ቁጥር የተወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ስፍራ ግን ሆቴሉ ይቀድማል፤ ስለ ፍሳሹ የሚታሰበው ሽታው ከመጣ በኋላ ነው።

ለጣና ምን ይበጃል?

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት በበኩላችን ለጣና ይበጃል የምንለውን ባጭሩ እናቅርብ።

በመጀመሪያ ደሴቶቹ እንደ ጠባያቸው ይለዩ። ወፎች የሚራቡባቸውን ትንንሽ ደሴቶችና ረግረጎች ጎብኚ ከጀልባው ሳይወርድ ከሩቅ ብቻ ይያቸው። ገዳም ባለባቸው ደሴቶች አንድ ወደብ፣ አንድ የእግር መንገድና የታወቀ ሰዓት ይኑር፤ የእንግዳውም ቁጥር ከገዳሙ ማኅበር ጋር በስምምነት ይወሰን። ሆቴል በደሴት ላይ አይሠራ፤ ለማደር የሚሻ እንግዳ በከተሞቹ ወይም ነዋሪው ከፈቀደ በደቅ በሚገኙ በነዋሪዎች ቤት ይደር። ይህ ቢሆን ገንዘቡም እንጀራ ጋጋሪዋ እጅ ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ ጀልባው ይቆጠር። ከባሕር ዳርም ከጎርጎራም የሚነሡት ጀልባዎች በአንድ መዝገብና በተራ ይሰማሩ። በወደቡ አጠገብ ለሚደረግ አጭር ጉዞ ድምፅና ዘይት የሌለው የደንገል ታንኳ ይመረጥ። ታንኳ መሥራት በተለይ የወይጦ ወገኖቻችን ጥንታዊ ጥበብ ነው። ይህ ማኅበረሰብ ለብዙ ዘመን ተንቆ የኖረ ስለሆነ በጥበቡ ተከብሮ እንጀራውን እንዲያገኝ ማድረግ የፍትሕም ጉዳይ ነው። ታንኳ ሲከበር ደንገሉ ይጠበቃል፤ ደንገሉ ሲጠበቅም ዓሣውና ወፉ መጠለያ ያገኛሉ።

ሦስተኛ፣ ወደ ደሴት የገባ ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ ይውጣ። እንግዳው ሲሳፈር ስለ ያዘው የውሃ ጠርሙስ ትንሽ መያዣ ያስቀምጥ፤ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን ይውሰድ። ይህን ለመጀመር የወደቡ ሠራተኛና አንድ ደብተር ይበቃሉ።

አራተኛ፣ ገንዘቡ ይታይ። ዛሬ እያንዳንዱ ገዳም ለራሱ የመግቢያ ዋጋ ይቀበላል፤ ይህ መብቱ ነው፤ ሊነካም አይገባም። ከዚያ ሌላ ለሐይቁ ጥበቃ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ ቢኖር ግን ስንት እንደገባና ለምን እንደዋለ በወደቡ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፍ። ሰው የሚያየውን ገንዘብ አያማም።

አምስተኛ፣ ምእመኑና ጎብኚው አይምታቱ። በንግሥ ቀን ሕዝቡ ወደ ገዳሙ የሚሄደው ሊሳለም ነው እንጂ ሽርሽር ሊወጣ አይደለም። በዚያን ቀን ጎብኚው መንገድ ይልቀቅ፤ ወይም ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን ለብሶ እንደ ሰው ይሳተፍ። በፎቶግራፍ መሣሪያ የሚያቀርበው ጥያቄ ከጸሎቱ በኋላ ይሁን።

የሚነሣው ክርክር

ይህን ስንል የሚቃወመን ሰው እንዳለ እናውቃለን። ከሁሉ በፊት የሚነሣው የባሕር ዳር ወጣት ነው። «ጀልባ በብድር ገዛሁ፤ እንግዳ ጠፍቶ ከረመ፤ አሁን ደግሞ ሲመጣልኝ በቁጥር ልትወስኑብኝ ነው?» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ልክ ሲበጅ የመጀመሪያውን ጉዳት የሚሸከመው ባለብዙ ጀልባው ሳይሆን ባለአንዱ ነው። ስለዚህ ተራው ሲደለደል ትንሹ ሰው እንዳይገፋ አስቀድሞ በደንቡ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ከዚህም ሌላ ከእንግዳ የሚገኘው ጥቅም በጭንቅላት ብዛት ብቻ አይለካም። ማለዳ መጥቶ ሦስት ገዳም ሮጦ አይቶ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ከሚመለሰው ሰው ይልቅ 3 ሌሊት አድሮ ታንኳ የሚቀዝፍ፣ ወፍ የሚመለከት፣ በዘጌ ጫካ ውስጥ በእግሩ የሚሄድና ቡና የሚገዛ አንድ ሰው ለአካባቢው ብዙ ይተዋል። ደግሞም የዛሬው ወጣት ነገ ልጅ ያሳድጋል፤ ለልጁ የሚያወርሰው ጀልባው ሳይሆን ጀልባው የሚሄድበት ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ክርክር የሴቶች ነው። ብዙ መንገድ ተጉዛ የመጣች ሴት በወደቡ ላይ «አንቺ እዚሁ ጠብቂ» ስትባል ማዘኗ አይቀርም። የገዳሙን ሥርዓት ማክበር ግዴታችን ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማሳወቅም ግዴታችን ነው። ቲኬት በሚቆረጥበት ስፍራ በግልጽ ቢጻፍና ሴቶች ሊገቡባቸው ወደሚችሉት ወደ ናርጋ ሥላሴና ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስድ ሙሉ የጉዞ መሥመር ቢዘጋጅ ቅሬታው ባብዛኛው ይቀራል። እንግዳን የሚያስቀይመው ከክልከላው ይልቅ ያልተነገረው ክልከላ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ነው። «ፕላኑ ወጥቷል፤ ካርታውም ተሠርቷል፤ ምን ቀረ?» ይባላል። የቀረው ገዳማዊው፣ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና ጀልባ ነጂው ፕላኑን የራሳቸው ማድረጋቸው ነው። እነርሱ ያልመከሩበት ደንብ በቢሮ ይጸድቃል እንጂ በውሃ ላይ አይሠራም። ጥናት ተብሎ ሄዶ ሁለት ሰዓት ጠይቆ መመለስም ምክር አይባልም። አበው በሚቀመጡበት ዋርካ ሥር ተቀምጦ መስማት፣ ሰምቶም መጻፍ፣ የጻፉትንም ተመልሶ ማንበብ ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ «በደሴቲቱ ላይ ዘመናዊ የመዝናኛ ማዕከል ለማቋቋም የቀረበ ጥያቄ» የሚል ፋይል የሚቀርብለት ቀን ይመጣል። ፋይሉ ያማረ ሥዕል ይኖረዋል፤ የሥራ ዕድልም ተስፋ ይሰጣል፤ አለቃም ይቸኩላል። በዚያን ሰዓት ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ አደራ እንለዋለን። ከዚህ በፊት ይህን ስፍራ ማን ጠበቀው? በምን ሥርዓት ጠበቀው? ይህ አዲስ ነገር ሲገባ ያ ሥርዓት ይበረታል ወይስ ይላላል? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ፋይል ለፊርማ አልደረሰም።

ልክን አስቀድሞ ያሳወቀ ባለቤት ንፉግ ተብሎ አይነቀፍም። እንግዳው ገብቶ ዳሱን አይቶ፣ በጸጥታ ተቀምጦ፣ ጠግቦ ሲወጣ «ቤታችሁ ይባረክ» የሚለው ለእንደዚህ ያለው ቤት ነው። የጣና ደሴቶች እንግዳ የመቀበል ልማድ ያላቸው ናቸው፤ በዘመነ ስደት ለነገሥታትና ለመጻሕፍት መጠጊያ ሆነዋል። ለዘመናችን መንገደኛም መጠጊያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልኩ ግን ከጥሪው ይቅደም።